ቅቤው ይሄዳል፣ ብርዱ ይቀራል

(በአንድ የንባብ ክበብ የምሽት መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ።

በር ላይ የተቀበሉኝ አስተባባሪ ትልቅ ሰው ናቸው። እጄን እንደ ጨበጡ "አገርዎ የት ነው?" አሉኝ። "ሸኖ" አልኋቸው። አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ከኋላዬ ያለውን መኪና አዩና "ታዲያ ባዶ እጅዎን ነው የመጡት?" አሉ።

ይኸው ሳቃችሁ። ምን ይዤ መምጣት እንደነበረብኝ የነገራችሁ ሰው የለም፤ እኔም አልነገርኋችሁም። የአንድ ከተማ ዝና ማለት ይህ ነው፤ ሳይጠሩት አቤት ይላል።

ይህን ቀልድ ከ30 ዓመት በላይ ሰምቼዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዕለት፣ ገና ስሜን ሳያውቁ "ሸኖ ለጋ" ብለው አወጡልኝ። ሽማግሌ ልኬ የባለቤቴን ቤተሰብ ሳስጠይቅ፣ አንድ አጎቷ "የሸኖ ልጅ ከሆነ ይሁን፤ ቢቀር ቢቀር ልጃችን ደረቅ ወጥ አትበላም" አሉ ተባለ። በሌላው ሁሉ ተመርምሬያለሁ፤ በዚያ በኩል ግን ያለፈተና ነው ያለፍሁት።

ስትገቡ ቁራጭ ወረቀት ተሰጥቷችኋል። የትውልድ ከተማችሁን፣ ከጎኑ ደግሞ ስሟን ስትጠሩ ሰው ቶሎ የሚላችሁን ነገር ጻፉ ተብላችሁ ነበር። አሁን እጄ ላይ ነው፤ ጥቂቱን ላንብበው። ጅማ፣ በርጩማ። አምቦ፣ ውሃ። ማረቆ፣ በርበሬ። ጨንቻ፣ ፖም። ይርጋጨፌ፣ ምን እንደ ሆነ አልነግራችሁም። ወንጂ፣ ስኳር። በቆጂ፣ ሩጫ። ደብረ ብርሃን፣ ብርድ ልብስ። ደብረ ብርሃን ሁለት ጊዜ መጥታለች፤ በሌላ እጅ ጽሕፈት "ብርድ ብቻ፤ ልብሱን ሸጠነዋል" ይላል። ይህን የጻፈውን ሰው በኋላ ሻይ እጋብዘዋለሁ። አንዱ ደግሞ "አዲስ አበባ፤ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም" ብሏል። ይህ ያሳዝናል።

ዝርዝሩን አስተውሉት። ውሃው፣ በርበሬው፣ ፖሙ፣ በርጩማው፣ ብርድ ልብሱ፣ ስኳሩ ሁሉም መኪና ላይ የሚጫን ነው። ዛሬ ልናገር የመጣሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከተማ የሚታወቀው ከውስጡ በሚወጣው ነው። በውስጡ የሚቀረውን የሚያውቀው እዚያው የሚኖረው ሰው ብቻ ነው። የሚወጣውና የሚቀረው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመሳሰሉም።

ከማውቀው ልጀምር። ሸኖ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ደጋ ናት። ገብስ፣ ሣር፣ በግ፣ ላም አላት። አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ አፍ ይነገርባታል። ታዲያ ደጋና ሣር የሸኖ ብቻ አይደለም፤ ሱሉልታም አለው፣ ሰንዳፋም አለው። ቅቤው ለምን በሸኖ ስም ተጠራ?

መልሱ ርቀት ይመስለኛል። ወተት መንገድ አይወድም። ሱሉልታና ሰንዳፋ ለአዲስ አበባ ደጃፍ ናቸው፤ ጧት የታለበው ረፋድ ላይ ከተማ ይገባል። እዚያ ያለ ገበሬ ወተቱን በወተትነቱ ይሸጠዋል፤ ምን አድክሞት ይንጠዋል? ሸኖ ግን መኪና እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን ለወተት ሩቅ፣ ለቅቤ ቅርብ ነበረች። ከአህያ ወርዶ፣ የጭነት መኪና ጠብቆ፣ ዝናብ ቢይዘው አድሮ የሚደርስ ወተት አይጠጣም። ቅቤ ግን ይህን ሁሉ ይችላል፤ ብርዱም ያግዘዋል። ትንሽ ብትቀርብ ኖሮ የወተት አገር፣ በጣም ብትርቅ ደግሞ ማንም የማያውቃት አገር በሆነች ነበር።

ሌላው ጾም ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ጾመኛው ወተት አይጠጣም፤ ላሚቱ ግን ጾም አታውቅም፤ ጧትና ማታ ትታለባለች። ያ ሁሉ ወተት የት ይግባ? ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤ ይሆናል፣ ለፋሲካ ይጠበቃል። አዲስ አበባ ለፋሲካ ዶሮ ወጧን ስትሠራ የምታስገባው ቅቤ የገጠር ሴቶች የጾም ድካም ነው።

እናቴ የምትንጠው ሌሊት ነበር። የረጋውን ወተት ቅሉ ውስጥ ትጨምርና እሳቱ አጠገብ ታስጠጋዋለች፤ በእኛ አገር ብርድ ያልሞቀ እርጎ ቢንጡት ቢንጡት ቅቤ አይሰጥም። ከዚያ መደብ ላይ ተቀምጣ፣ ቅሉን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ወዲያና ወዲህ ትለዋለች። እኔ ደበሎ ለብሼ ተኝቼ ድምፁን እሰማለሁ። መጀመሪያ ውሃ የሚመስል ቀጭን ድምፅ ነው። ብዙ ይቆያል። በኋላ ይከብዳል፤ ውስጡ የሆነ ነገር የሚንከባለል ይመስላል። ያን ጊዜ ታቆማለች፤ የቅሉን አፍ ከፍታ በኩራዙ ብርሃን ታየዋለች፤ "ወጣ" ትላለች ለራሷ። ቅቤውን ሰብስባ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበዋለች፣ ታድበለብለዋለች፣ በቅጠል ትጠቀልለዋለች። ለእኛ የሚቀረው አሬራው ነው፤ እሱ ተሞቆ አይብ ይወጣዋል።

ቅቤውስ? ቅቤው ገበያ ይሄዳል። ጨው፣ ቡና፣ ላምባ ይሆናል። መስከረም ላይ ደብተር ይሆናል። እናንተ የሸኖ ልጅ ሲባል በቅቤ ታሽቶ ያደገ ይመስላችኋል። እኔ ቅቤ የገባበት ወጥ የምበላው በዓመት በጣቴ ቆጥሬ ነው፤ እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ሠርግ ካለ ሠርግ። አራስ ቤትም ከተገኘ ገንፎው ጉድጓድ ውስጥ ትንሽ ይገኛል፤ ለዚህ ስንል የጎረቤት አራስ በጣም እንጠይቅ ነበር። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚለውን ተረት ትምህርት ቤት ሲያስተምሩን፣ የክፍላችን ልጆች በሙሉ ስለ እኛ የተነገረ መስሎን ነበር።

አዲስ አበባ መጥቼ ሥራ ከያዝሁ በኋላ ከገበያ ቅቤ ገዝቼ አውቃለሁ። ሻጩ "ለጋ አለ፣ መካከለኛ አለ፣ በሳል አለ፤ ሁሉም የሸኖ ነው" አለኝ። በጥፍሬ ጫር አድርጌ እጄ ጀርባ ላይ አሸሁትና አሸተትሁት። የሸኖ ልጅ መሆኔን አልነገርሁትም፤ ሰው ሠርቶ ይብላ ብዬ። የሸኖን ስም የላም ጡት አይቶ በማያውቅ የአትክልት ቅባት ዕቃ ላይም አንብቤዋለሁ። በሸኖ ስም የሚሸጠው ሁሉ ከሸኖ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ላሞቻችን ሦስት ሦስት ፈረቃ በገቡ ነበር። ስም አንዴ ከወጣ በኋላ የባለቤቱ አይደለም።

አምቦን ተመልከቱ። ምግብ ቤት ገብታችሁ "አምቦ ውሃ አምጪልኝ" ስትሉ የምትመጣላችሁ ልጅ የሌላ ፋብሪካ ውሃ ይዛ ትመጣለች፤ እናንተም ትጠጣላችሁ፤ ማንም ከማንም አይጣላም። የከተማዋ ስም ጋዝ ላለው ውሃ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። አምቦ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ያህል ባለቅኔ ከአካባቢዋ አብቅላለች፤ ግን አስተናጋጇን "አምቦ" ብትሏት የምታመጣው ግጥም አይደለም።

አሁን ደግሞ ወረቀቱ ላይ ማንም ያልጻፋትን ከተማ ላንሳ። አርሲ ነጌሌ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከዚያ የመጣ ሰው እንዳለ እገምታለሁ፤ ያልጻፈውም ሳያፍር አልቀረም። ነጌሌ የምትታወቀው በአረቄዋ ነው። ከአዲስ አበባ መንደሮች እስከ ሩቅ የገጠር ገበያ ድረስ "የነጌሌ ነው" ከተባለ ጠጪው ሌላ ምስክር አይጠይቅም።

አንድ ጊዜ ለሥራ እዚያ ሄጄ አንዲት ሴት ስታወጣ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ጌሾው፣ ብቅሉ፣ እህሉ ተደፍድፎ፣ ቀናት ቆይቶ ከፈላ በኋላ በትልቅ የሸክላ ማሰሮ እሳት ላይ ይጣዳል። አፉ በጭቃ ይመረጋል። ከጎኑ መቃ ይወጣል፤ የመቃው ጫፍ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠ ዕቃ ይገባል። ከዚያ መጠበቅ ነው። እንፋሎቱ በመቃው ሄዶ፣ በርዶ፣ ጠብ ጠብ ይላል። አንዴ የወጣው ተራ አረቄ ይባላል፤ መልሰው ያጣሩት ደግሞ ዳግም አረቄ፤ እሱ ያቃጥላል፣ ዋጋውም ያቃጥላል። ሴትየዋ እሳቱን መቀነስና መጨመር ብቻ ነው ሥራዋ፤ ግን ለደቂቃ አትነሳም። እሳቱ ከበዛ አረቄው ያራል፤ ካነሰ ይቆማል። ጭሱ ቤቱን ሞልቶታል። ዓይኗ ቀልቷል፤ ስታወራኝ አንድም ጊዜ ቀጥ ብላ አላየችኝም፤ ያፈረች መስሎኝ ነበር፤ ለካ ብርሃን ይወጋታል። ደጅ ላይ እስከ ጣሪያው የተቆለለ እንጨት ነበር። የነጌሌ አረቄ የአካባቢውን ደን ምን ያህል እንደሚበላ የደን ባለሙያዎች ከጻፉት ቆይተዋል።

አረቄው በጀሪካን ተጭኖ ይወጣል። ጭሱ እዚያው ይቀራል። "ልጆችዎ ይህን ሥራ ይማራሉ?" አልኋት። "ልጆቼን ያስተማርኋቸው በዚህ ነው፤ ለዚህ አይደለም" አለችኝ። ሁለቱ ከተማሩ በኋላ ወጥተዋል። ልብ በሉ፤ ልጆቹም ወጡ።

ሰው ራሱ ሲወጣስ? በቆጂ ለዚህ ወደር የላትም። አርሲ ውስጥ፣ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች፣ ጧት ጭጋግ የሚለብሳት ትንሽ ከተማ ናት። በ2008 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ቀጥሎ የምጠራቸው ዓመቶችም በእነሱ ናቸው)፣ ቤጂንግ ላይ ኢትዮጵያ አራት የወርቅ ሜዳሊያ አገኘች። በወንዶች 5,000 እና 10,000 ሜትር፤ በሴቶች 5,000 እና 10,000 ሜትር። ሁለቱ የቀነኒሳ በቀለ ናቸው፤ ሁለቱ የጥሩነሽ ዲባባ። ሁለቱም የበቆጂና የአካባቢዋ ልጆች ናቸው። የአንድ አገር የኦሎምፒክ ወርቅ በሙሉ ከአንድ ገበያ ቀጠና ወጣ ማለት ነው። ከእነሱ በፊት ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር አሸንፋ፣ ለኦሎምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆናለች። ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ ማራቶኑን ወስዳለች።

ሰዎች ከፍታው ነው ይላሉ። ከፍታ ብቻ ቢሆን ሸኖም ዝቅ ያለች አይደለችም፤ እኛ ግን የምንሮጠው አውቶቡስ ሊያመልጠን ሲል ብቻ ነው። በቆጂ ሌላ ነገር ነበራት፤ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ መምህር። የትምህርት ቤት ልጆችን በስፖርት ክፍለ ጊዜ እያዩ፣ የሚችለውን እየለዩ፣ ጧት በማለዳ ሜዳ ላይ እያሰለጠኑ ዕድሜያቸውን አሳለፉ። ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ በእጃቸው አልፈዋል። ያ ሁሉ ወርቅ የወጣው ከሣር ሜዳና ከአንድ መምህር ፉጨት ነው። እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው፤ ሯጮቹ በሙሉ ሲወጡ እሳቸው እዚያው ቀሩ። በየዓመቱ አዲስ ልጆች ይመጡ ነበር፤ ሰውየው ሜዳው ላይ ነበሩ።

የሚወጣ ነገር ሁሉ አይጫንም፤ በጆሮ የሚወጣም አለ። ባቲን የምታውቋት በምንድን ነው? ግማሻችሁ ሄዳችሁ አታውቁም፤ ግን አንድ ማሲንቆ መቺ ቅኝቱን ከቀየረ "ባቲ ገባ" ትላላችሁ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። ባቲ ደጋው ወደ አፋር ቆላ የሚወርድበት አፋፍ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት፤ ሰኞ ሰኞ አፋሩ ግመሉን፣ የደጋው ሰው እህሉን ይዞ ይገናኝባታል። ሁለት የተለያየ ኑሮ ያለው ሕዝብ ዋጋ ሲከራከር የሚውልበት ቦታ ዜማ ቢወጣው አያስገርምም። የሚያስገርመው፣ ሌላው ከተማ ስሙን ጆንያ ላይ ሲያጽፍ፣ እሷ ክራር ላይ መጻፏ ነው። ይህን ማንም አስመስሎ ሊሸጥ አይችልም። ትንሽ እቀናለሁ።

ድሬዳዋ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ የታወቀችው በሚያልፍባት ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ሲመጣ የሐረርን ተራራ መውጣት ከበደውና ከታች፣ ሜዳው ላይ ቆመ። በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ ከተማዋ ተወለደች፤ ሐረር ተራራዋ ላይ ሆና ባቡሩ ከታች ሲያልፍ አየችው። ድሬዎች እስከ ዛሬ ጣቢያውን ለገሃር ይላሉ፤ የፈረንሳይኛ ቃል ነው፣ ጣቢያ ማለት። አዲሱ ባቡር ሲመጣ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። አሮጌው ለገሃር ግን መሐል ከተማ እንዳለ አለ፤ አዲሱ ባቡር ሳይደርስበት።

አሁን እጃችሁን ልታወጡ ያላችሁ እንዳላችሁ አያለሁ። "ላሊበላስ? ጎንደርስ? እነሱ የታወቁት በማይንቀሳቀስ ድንጋይ አይደለም ወይ?" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። 11 አብያተ ክርስቲያናት ከዓለት ተፈልፍለው የትም አይሄዱም፤ የፋሲል ግንብም እንዲሁ። እዚያ ሰው ነው የሚሄደው። ንግግሬ እዚህ ላይ ይሰበራል፤ አልከራከርም።

ግን አክሱምን ትንሽ ላንሳ። 24 ሜትር የሚረዝም ሐውልት ይንቀሳቀሳል ብሎ ማን ያስባል? በ1937 ጣሊያን ወስዶ ሮም ተከለው። በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2008 ቆመ። በ68 ዓመት ውስጥ የአክሱም ልጅ "በምን ትታወቃላችሁ?" ሲባል፣ ከሚታወቁበት ነገር አንዱ ሮም እንዳለ እያወቀ ነው የሚመልሰው። የሸኖ ልጅ ይህን ስሜት ያውቀዋል፤ መጠኑ ቢለያይም።

ሰዓቱ እየገፋ ነው፤ አስተባባሪው ሰዓታቸውን ማየት ጀምረዋል፤ አንድ ነገር ነግሬ ልውረድ።

ባለፈው ዓመት እናቴ ለሕክምና አዲስ አበባ መጥታ ነበር። ከሐኪም ስንመለስ ምሳ ሰዓት ስለ ደረሰ አንድ ምግብ ቤት ይዣት ገባሁ። በሩ ላይ በትልቁ "ምግባችን በሙሉ በሸኖ ለጋ ቅቤ የተሠራ ነው" ይላል። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ አላነበብሁላትም። ሽሮው እየፈላ በሸክላ መጣ። ቆርሳ ጠቀሰችና አፏ ጋ አድርሳ ቆመች። አሸተተችው። ከዚያ ጎረሰች፤ በቀስታ አላመጠች። አስተናጋጇን በእጇ ጠራቻት።

"የኔ ልጅ፣ ይህ ቅቤ የየት አገር ነው?"

"የሸኖ ነው እማማ፤ ምርጥ ነው።"

እናቴ እኔን አየችኝ። ከዚያ ልጅቷን አየቻት፤ ሃያ ዓመት የማይሞላት፣ ከጧት ጀምራ ቆማ የዋለች ልጅ ናት።

"እውነትሽን ነው፣ አወቅሁት" አለቻት። ሽሮውን ጨርሳ በላች።